የመንደራችን አንባቢያን

የኮንዶሚኒየማችን የንባብ ክበብ በየወሩ መጨረሻ እሑድ ይሰበሰባል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ኦዲተር አለው። መጽሐፍ ለጊዜው የለውም፤ እሱ በሂደት ይሟላል።

በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ መወያየት ከጀመርን ዓመት ሊደፍን ነው። ገልጦት የሚያውቅ የለም ማለት ግን ሐሜት ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እናታቸው የሰሙላቸው አባላት ሞልተዋል። ሥርዓታችንም የተከበረ ነው። አቦል ላይ ያለፈው ወር ቃለ ጉባኤ ይነበባል (ይኸው፣ ንባብ!)። ቶና ላይ ስለሚያፈሰው የውሃ ታንከር እንነጋገራለን። በረካ ላይ ስለመሸ መጽሐፉ ለሚቀጥለው ወር ይቀጠራል።

ባለፈው ስብሰባ ግን አንድ አዲስ የገባ ወጣት መጽሐፉን በብብቱ ይዞ መጣ። አልፎ ተርፎ ገጽ ጠቀሰ! ቤቱ ጸጥ አለ። ሰብሳቢያችን በአባትነት፣ «ልጄ፣ መጨረሻውን አታበላሽብን» አሉት፤ ርዕሱ ራሱ አስቀድሞ ያበላሸው መሆኑን ማንም አላነሳም። ወዲያው መተዳደሪያ ደንቡ ተሻሻለ፦ አንብቦ የሚመጣ አባል ሌላውን እንዳያሸማቅቅ አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ካላሳወቀ የአንድ ወር መዋጮ ይቀጣል። ልጁም ሳያንገራግር ከፈለ።

በቅጣቱና በመዋጮው ቲሸርት አሳተምን። ደረቱ ላይ «ማንበብ ሙሉ ሰው ያድርጋል» ይላል። ፊደል ተሳስቷል ያለው ያው ልጅ ብቻ ስለነበር፣ በድምፅ ብልጫ በድጋሚ ተቀጣ።