ብስክሌትን ያለ ጊዜው ለመግዛት የሚሻ ሰው ሊከተለው የሚገባ ሥርዓት

ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥፋትም እንደ ልማት የራሱ ሥርዓትና ተራ ስላለው፥ ደረጃው በዝርዝር ተጽፎ ለአንባቢ ቢቀርብ፥ በዚያ መንገድ ሊሄድ የተነሣ ሰው ፍጻሜውን አስቀድሞ አይቶ ይመለስ ይሆናል በሚል ተስፋ ይህን ምክር ጽፌአለሁ። ነገሬም የኮርስ ብስክሌት በዓመቱ ውስጥ መቼ ቢገዛ ይሻላል የሚለው ነው። ምሳሌ አድርጌ የምይዛት ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ዋሽንግተንን፥ ከነአካባቢዋ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ጋር ነው፤ በዚያ አገር የብርዱና የሙቀቱ ወራት ፈጽመው የተለያዩ ስለ ሆኑ የገበያውም ጠባይ ከወራቱ ጋር ይለዋወጣልና።

ብስክሌት ለሕዝባችን እንግዳ ዕቃ አይደለም፤ አገራችን በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞቿንም አሰልፋ ነበር። ስለዚህ አንድ ወገን ከላቡ ዋጋ ቈጥቦ የገዛው ብስክሌት በመንገድ ላይ እንዲውል እንጂ ምድር ቤት ተደግፎ አቧራ እንዲለብስ አልወድም። ከዚህ በታች «እንዲህ ያድርግ» እያልሁ የምዘረዝረው ለመክሰር ቈርጦ ለተነሣ ሰው ነው፤ ለመጠቀም የሚሻ ግን የእያንዳንዱን ተቃራኒ ይያዝ።

አንደኛ፤ ለመክሰር የሚሻ ሰው የቼሪው አበባ እስኪፈካ ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ወርኃ መጋቢት ተጋምሶ በታይዳል ቤዝን ዙሪያ ያሉት ዛፎች ሲያብቡ፥ ብርዱ ሲለዝብ፥ ሰዓቱ ወደ ፊት ተገፍቶ ብርሃኑ እስከ ማታ ሲዘልቅ፥ የታክስ ተመላሹም በየሰው ሒሳብ ሲገባ፥ በብርዱ ወራት ስለ ብስክሌት ትዝ ያላለው ሕዝብ ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ወደ ሱቁ ይጐርፋል፤ በዚያን ጊዜ እርሱም ተነሥቶ ይግባ። በዚያች ቅዳሜ ሻጩ አንዱን ደንበኛ ሲያነጋግር ሌሎቹ ከኋላው ተሰልፈው ይጠብቃሉና እግሩንና ክንዱን የሚለካለት አያገኝም፤ ሻጩ የኮርቻውን ከፍታ በዓይኑ ገምቶ ያጠብቅና «ይሆንዎታል» ብሎት ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዋጋ ይቀነስልኝ ማለትም አያዋጣም፤ ይህ ሰው ትቶት ቢሄድ ነገ ሌላው ሙሉውን ከፍሎ እንደሚወስደው ባለሱቁ ያውቃልና።

ዕቃው ቤት ከደረሰ በኋላም ነገሩ አያበቃም። ሻል ያሉት የኮርስ ብስክሌቶች አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፔዳል ይሸጣሉ፤ ነጂው ለጫማው የሚስማማውን ዓይነት ራሱ ይመርጣል ተብሎ ነው። ይህንም በዚያ ግርግር የነገረው ስለሌለ፥ አዲሱን ብስክሌት ከመኪናው አውርዶ እግሩን ሊያሳርፍ ሲል ክፍት ቀዳዳ ብቻ ያገኛል። ከጥቂት ሳምንት መንዳት በኋላ ደግሞ የማርሹ ሽቦ ትንሽ ለቀቅ ስለሚል መስተካከል ይገባዋል፤ ብዙ ሱቆች ይህን የመጀመሪያ ጥገና ያለ ክፍያ ቢያደርጉም በሚያዝያ ወር ወረፋው ስለሚረዝም፥ ብስክሌቱ ለመንዳት ከሁሉ በሚመቸው ወቅት በሱቁ ጓዳ ተሰቅሎ ይሰነብታል። በጥር አጋማሽ በአንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ወደዚያው ሱቅ ቢገባ ኖሮ ግን ያንኑ ሻጭ ሥራ ፈትቶ ያገኘው ነበር፤ ሥራ የፈታ ሻጭም በትዕግሥት ይለካል፥ ሁለትና ሦስት ልክ ያስሞክራል፥ ከዋጋውም ባይቀንስ ፔዳሉን ወይም የራስ ቁሩን ይመርቃል።

ሁለተኛ፤ በሰኔ ማለቂያና በሐምሌ የቱር ደ ፍራንስን ውድድር ተመልክቶ ልቡ እንደ ጋለ ሳይበርድ ይግዛ። ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ይህ ታላቅ ውድድር ወደ ልባችን የቀረበበት ምክንያት አለው፤ በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖ ተወዳድሮበታል፥ በ2024ም ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ የሦስት ቀን ውሎ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወስዷል። ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጠው ክብር የተገባ ነው፤ ነገር ግን የሚነዱት ብስክሌት ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከወሰነው የ6.8 ኪሎ ግራም ዝቅተኛ ክብደት ብዙም ያልራቀ፥ መሪው ወደ ታች የወረደ፥ ነጂውን አጐንብሶ የሚያስተኛ፥ ከልጅነት ጀምሮ ለዚህ የሠለጠነ ወገብ የሚሻ መሣሪያ ነው፤ ዋጋውም ከ10,000 ዶላር ያልፋል። ፋብሪካዎቹ ከዚሁ ጐን መሪው ከፍ ያለ፥ ለ32 ሚሊ ሜትር ጎማ ስፍራ ያለው፥ ለረጅም መንገድ የሚመች ዓይነት ይሠራሉ፤ ከአርሊንግተን አካባቢ ተነሥቶ እስከ ፐርሰልቪል 72 ኪሎ ሜትር ያህል በሚዘልቀው የብስክሌት መንገድ ላይ ቅዳሜውን ለማሳለፍ ለሚሻ ጐልማሳ የሚበጀውም ይኸኛው ነው። በውድድሩ ሰሞን የጋለ ልብ ግን ይህን አይቀበልም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ሦስተኛ፤ አዲሱ ዓይነት በወጣበት ሳምንት ያለ አንዳች ጥያቄ ይውሰድ። ቀድሞ በጀርመን አገር በፍሪድሪክስሐፈን የሚደረገው የዩሮባይክ ትርኢትና በአሜሪካ የሚደረገው የኢንተርባይክ ትርኢት በሙቀቱ ወራት ማለቂያና በመስከረም አካባቢ ይውሉ ስለ ነበር፥ የሚመጣው ዓመት ብስክሌት በዚያ ይታያል፥ ሱቆቹም ለአዲሱ ስፍራ ለመልቀቅ አሮጌውን በቅናሽ ይሸጣሉ፤ በጥቅምትና በኅዳር ርካሽ ይገኛል የሚለው ልማድ ሥር የሰደደው ከዚህ የተነሣ ነው። ዛሬ ነገሩ ከፊሉ ተለውጧል፤ ኢንተርባይክ ከ2018 ወዲህ አልተደረገም፥ ዩሮባይክም በ2022 ወደ ፍራንክፈርት ተዛውሯል፥ ፋብሪካዎቹም አዲሱን ነገር በፈለጉት ወር ያውጃሉ፥ አንዱንም ፍሬም ሳይለውጡ ለብዙ ዓመት ያቈዩታል።

ስለዚህ አስተዋይ ገዢ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ዓመት ሳይሆን የተለወጠው ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል። የጃፓኑ ሺማኖ ዱራ ኤስ የተባለውን ከሁሉ የበላይ የሆነ የማርሽ ሥራውን በ2016 አውጥቶ የቀጠለውን ያወጣው በ2021 ነው፤ ለብዙው ሰው የሚስማማውን 105 የተባለውንም ወደ 12 ማርሽ ያሳደገው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን በ2022፥ በሽቦ የሚሠራውን በ2023 ነው። እንዲህ ያለ እውነተኛ ለውጥ በመጣበት ዓመት አዲሱን መምረጥ ምክንያት አለው፤ ቀለሙ ብቻ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ በተለወጠበት ዓመት ግን ያለፈውን ዓመት ዕቃ በቅናሽ መውሰድ ከአእምሮ ጋር መስማማት ነው። ለመክሰር የሚሻው ሰው ይህን ልዩነት አይመርምር።

አራተኛ፤ ቅናሹን እንጂ ልኩን አይጠይቅ። ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት እቈያለሁ። ከታንክስጊቪንግ ማግስት በብላክ ፍራይዴይ ወደ ሱቅ የገባ ሰው፥ በኮርቻው ሥር በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ የቀድሞው ዋጋ በቀይ መስመር ተሰርዞ፥ ከሥሩ ብዙ መቶ ዶላር የቀነሰ አዲስ ዋጋ ተጽፎ ሲያይ ዓይኑ ከዚያ ወረቀት አይነሣም። በፍሬሙ ላይ በትንሹ የተጻፈችው ቍጥር ግን 61 ወይም 48 ትላለች፤ መካከለኛ ቁመት ያለው ሕዝብ የሚፈልጋቸው 54ና 56 አስቀድመው ስለሚያልቁ፥ እስከ ታኅሣሥ የሚሰነብተው ብዙውን ጊዜ እጅግ የረዘመውና እጅግ ያጠረው ነውና።

ልክ መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ገዢው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዙን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ እግሩ ሊዘረጋ፥ በውስጥ እግሩ የፊት ክፍል ሲረግጥ ደግሞ ጉልበቱ በጥቂቱ ሊታጠፍ ይገባል፤ ከዚያም እጆቹን በፍሬኑ እጀታ ላይ አድርጎ ክርኑ ለስለስ ብሎ ከታጠፈ መልካም ነው፤ ክንዱ እንደ ዱላ ከቀና፥ ትከሻውም ወደ ጆሮው ከወጣ ግን ብስክሌቱ ረዝሞበታል። የኮርቻው ከፍታ በቀላሉ ይስተካከላል፥ መሪውን የሚይዘው ክፍልም በጥቂቱ ሊያጥር ይችላል፤ የፍሬሙ ርዝመት ግን አንድ ጊዜ ከፋብሪካ ከወጣ አይለወጥም። ልኩን የሳተ ሰው ከሰዓት መንዳት በኋላ መዳፉ ይደነዝዛል፥ አንገቱ ይደርቃል፥ ወገቡና ጉልበቱ ይታመማል፤ ሕመሙም በብስክሌት መንዳት የመጣ እየመሰለው ፈጽሞ ይተወዋል። ጠባብ ጫማ በርካሽ የገዛ ሰው የተረፈውን ገንዘብ በእግሩ ሕመም መልሶ እንደሚከፍል ይህም እንዲሁ ነው።

አምስተኛ፤ ከዛሬው ቅናሽ የሚበልጥ ይመጣል እያለ ዓመት በዓመት ላይ ይጠብቅ። ዋጋን የሚያወጣና የሚያወርደው ወቅት ብቻ ቢሆን ኖሮ መጠበቅ ሁልጊዜ ባተረፈ ነበር፤ ነገር ግን በ2020 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙ ጊዜ ሕዝቡ በአንድነት ወደ ብስክሌት ስለ ዞረ ሱቆቹ ባዶ ቀሩ፥ ጥቅምትም ሆነ ጥር ቢመጣ የሚቀነስ ዋጋ ቀርቶ የሚሸጥ ብስክሌት አልነበረም። ፋብሪካዎቹና ነጋዴዎቹም ያ ፍላጎት የሚዘልቅ መስሏቸው አብዝተው ስላዘዙ፥ በ2023 መጋዘኖቹ ሞልተው በማንኛውም ወር ታላቅ ቅናሽ ይገኝ ጀመር። በ2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ቀረጥ ሲጨምር፥ ብስክሌቱ ሁሉ ከሞላ ጐደል ከእስያ የሚመጣ በመሆኑ፥ ወቅትን ብቻ ሲጠብቅ የኖረው ሰው የወቅት ያልሆነ የዋጋ ጭማሪ ደረሰበት። ዓመታዊው ዑደት እውነተኛ ነው፤ ከእርሱ በላይ ደግሞ የንግዱ ዓለም ማዕበል አለ፤ ልኩንና ዓይነቱን አግኝቶ ገንዘቡም የበቃው ሰው ማዕበሉን ለመተንበይ መሞከር የለበትም።

ስድስተኛ፤ በጥር በርካሽ ገዝቶ እስከ ሚያዝያ ቈልፎ ያስቀምጠው። የፋብሪካው ዋስትና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ይቈጠራል፥ የመመለሻውና የመለወጫው ቀንም ያልፋል፥ ጕድለት ቢኖረው የሚታወቀው ግን ሲነዳ ብቻ ነው። በታኅሣሥ በዋሽንግተን ፀሐይ ከ11 ሰዓት በፊት መጥለቋ እውነት ነው፤ ቀንና ሌሊቱ ከሞላ ጐደል እኩል በሆነበት አገር ላደገ ሰው ይህ ጨለማ ልብ ይሰብራል፤ በመንገዱም ላይ ለበረዶው የሚበተነው ጨው ሰንሰለቱን ያዝጋል። ሆኖም ጨው በዝናብ ከታጠበ በኋላ በሚመጡት ደረቅና ፀሐያማ ቀናት በሮክ ክሪክ ውስጥ መኪና በተከለከለበት የቢች ድራይቭ ክፍል መውጣት ይቻላል፤ በቀሩት ቀናትም የኋላ ጎማውን በቤት ውስጥ መለማመጃ ላይ አስሮ መንዳት ይቻላል። በብርዱ ወራት ገዝቶ የተለማመደ ሰው፥ አበባው ሲፈካ ወረፋ በሚይዙት መካከል አይገኝም፤ እርሱ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነው።

ሰባተኛ፤ በአዲስ አበባ ላለ ዘመዱ የሚልክ ከሆነ በሐምሌ እንዲደርስ ያድርግ። በዋሽንግተን ፀሐይ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በምትቈይበት ወራት በአገር ቤት ዝናሙ ስለሚበረታ፥ ስጦታው በግድግዳ ተደግፎ መስከረምን ይጠብቃል። ለዘመዱ የሚያስብ ግን ዝናሙ ሲያባራ እንዲደርስ ያደርጋል፤ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው አቀበት ብርቱ ስለ ሆነም ቀላል ማርሽ ያለውን ይመርጣል፤ የኮርስ ብስክሌት ከመነዳሪ አፍ ቀጭን በመሆኑ ለመኪና ጎማ የተሠራ ፓምፕ ስለማይገጥመው መጋጠሚያና ትርፍ ከመነዳሪ አብሮ ይልካል።

ለመጠቀም የሚሻው ሰው እንግዲህ ሥራውን በነሐሴና በመስከረም ይጀምር፤ ገንዘቡን ሳያወጣ ይለካ፥ ተከራይቶም ሆነ ከወዳጁ ተውሶ ይሞክር፥ የሚነዳበትን መንገድ ለይቶ ይወቅ። በጥቅምት የፍሬሙን ቍጥርና የሚሻውን ዓይነት በወረቀት ላይ ያስፍር፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያን ወረቀት ይዞ በየሱቁ ይጠይቅ፥ ልኩ በቅናሽ ከተገኘ በዚያው ቀን ይውሰድ፥ ካልተገኘ ግን ከወረቀቱ ወጥቶ በሌላ ልክ አይታለል። የካቲት እስኪያልቅ ልኩን በቅናሽ ያላገኘ ሰው በመጋቢት መባቻ፥ ሕዝቡ ሳይነሣ፥ ሙሉውን ዋጋ ከፍሎ ይግዛ፤ ይህን ኪሳራ ብሎ አይጸጸት፤ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ያለው የመንጃ ወራት አንድ ጊዜ ካለፈ በማናቸውም ቅናሽ ተመልሶ አይገዛምና።