ዝም ያለው ልጄ ነው፤ እኔ አይደለሁም

«ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል» አሉኝ እትዬ፣ ቶናውን እየቀዱ።

«እትዬ፣ የእኔ አፍ መቼ ዘግይቶ ያውቃል?»

«አንተማ እያወራህ ነው የተወለድከው። አያትህ ግን አፋቸውን የፈቱት በአራት ዓመታቸው ነው ይባላል።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«አዩ፣ አራት ዓመት ተጠብቀው የተናገሩትን እንኳ የሰማ የለም።»

እትዬ ሳቁና ወደ ልጄ ዞሩ። ልጄ ረከቦቱ አጠገብ በሆዱ ተኝቶ የመጫወቻ መኪና ጎማ ያሽከረክራል። ያቺኑ አንዲት ጎማ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ። «ዓይን በልቶት ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ዓይን ቢሆንማ በምን ዕድላችን! የዓይን ሐኪም ቀጠሮ በሳምንት ይገኛል።»

እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ሐበሻው ከመብዛቱ የተነሳ ትምህርት ቤቱ ለወላጅ የሚልከውን ወረቀት በአማርኛም ያትማል። ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፤ ስለ ቤት ዋጋ፣ ስለ ፖለቲካ፣ ማን ከማን እንደተፋታ። ኦቲዝም ሲባል ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። እኔ የምወቅሰው ቃሉን ነው፤ ራሱ «ዝም» ብሎ ነው የሚያልቀው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2025 ባወጣው ዘገባ፣ ክትትል ባደረገባቸው አካባቢዎች ከ31 የስምንት ዓመት ልጆች አንዱ ኦቲዝም አለው። ይህን ለአንድ ወዳጄ ብነግረው «እሱ የፈረንጆቹ ቁጥር ነው፤ የእኛን አይጨምርም» አለኝ።

«ለምን? ሲቆጥሩ ቤት አልነበርንም?»

ሐኪሟ ጋ ስንሄድ እኔ ተረቤን ይዤ ነው የገባሁት። መጠይቁን አወጣች።

«ዓይን ለዓይን ያያል?»

«ዶክተር፣ በእኛ አገር ትልቅ ሰው ዓይን ለዓይን የሚያይ ልጅ ዓይን አውጣ ነው የሚባለው።»

«በጣቱ ይጠቁማል?»

«እሱም ነውር ነው።»

«ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል?»

እዚህ ላይ ተረብ አለቀብኝ። ሚስቴ በቤት ስሙ ጠራችው። አልዞረም። ደግማ ጠራችው፤ በሦስተኛው ድምፅዋ ተሰበረ። እንግዳን አለማየት ጨዋነት ነው እንበል፤ እናትን አለማየት ግን በየትኛውም የጨዋነት መዝገብ ውስጥ የለም። ከወራት ወረፋ በኋላ ስፔሻሊስቱ ኤፍ 84.0 የምትል የኦቲዝም ኮድ ያለባት ወረቀት ሰጠን። ያቺ ወረቀት እስክትመጣ ድረስ ልጄ ለኢንሹራንሱ ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ዝምታን ደግሞ የሚከፍልለት ኢንሹራንስ የለም።

ስካይላይን በሚባለው ሰፈር ካለ አንድ ቡና ቤት የማይጠፉ ጋሼ አሉ። የልጄን ማመልከቻ ስሞላ አዩኝ።

«ሜዲኬይድ? የደሃ ኢንሹራንስ! ሠርተህ አትበላም?»

«ጋሼ፣ ባለፈው ወር የልብዎን ምርመራ ማን ከፈለ?»

«እሱማ የአረጋውያኑ ሜዲኬር ነው፤ የለፋሁበት።»

«መንትያ እኮ ናቸው! እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሕግ ላይ ነው የፈረሙላቸው። አንዱን መንትያ አዝለው ሌላውን በድንጋይ ይላሉ?»

«ግብሩን የምንከፍለው እኛ ነን!»

«እኔስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ኤርፖርት የማደርሰው ለጽድቅ ነው?»

በዲቪ የመጣ ሌላ ወዳጄ ደግሞ ጣልቃ ገባ፤ እሱም የማይናገር ልጅ እንዳለው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። «አምስት ዓመት ሳይሞላን አይሰጡንም አሉ» አለኝ በሹክሹክታ። ወሬው ግማሹ እውነት ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ግማሽነቱ ነው። አምስት ዓመቱን የሚጠብቀው ግሪን ካርድ የያዘው አዋቂ ነው። ከ2009 ጀምሮ ክፍላተ ሀገራት በሕጋዊ መንገድ የሚኖርን ልጅ ሳያስጠብቁ እንዲያስገቡ ተፈቅዶላቸዋል፤ ቨርጂኒያም ታስገባለች። «መጠበቁን ለራስህ አድርገው» አልኩት፤ «ልጅህን አብረህ አታሰልፈው። ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሰልፉ ሲያልቅ ሰባት ይሆነዋል።» ቡናውን ሳይጨርስ ወጣ። ማመልከት ሄዶ ይሁን ተቀይሞኝ፣ ያን ቀን አላወቅኩም።

ሕጉን ካነሳን አይቀር፦ ሜዲኬይድ ላይ ያለ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የአዋቂውን ሕግ አይደለም የሚከተለው። በ1989 ኮንግረሱ ባጠነከረው ድንጋጌ መሠረት፣ ለልጁ ሁኔታ በሕክምና አስፈላጊ የሆነው ሁሉ ይሰጠዋል፤ መዳኑ ብቻ ሳይሆን መሻሻሉም በቂ ምክንያት ነው። በጁላይ 2014 ሜዲኬይድን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ይህ ለኦቲዝምም እንደሚሠራ ለክፍላተ ሀገራት በጽሑፍ አስታወሰ። ከ1989 እስከ 2014 ድረስ ያለውን ቁጠሩት፤ ሃያ አምስት ዓመት! ወረቀት ዝም ሲል ማንም ጸበል ውሰዱት አይለውም።

ቴራፒው ተፈቀደልን፤ ኤቢኤ የሚሉት የባሕርይ ሕክምና፣ በሳምንት 25 ሰዓት። ኢንሹራንሱ ግን በሰዓት አይቆጥርም፤ በ15 ደቂቃ ነው የሚቆጥረው። እያንዳንዷ 15 ደቂቃ አንድ ዩኒት፣ ሳምንቱ 100 ዩኒት። እትዬ ይህን ሲሰሙ «በ15 ደቂቃማ ቡናውም አይቆላ!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አቦሉ ብቻ ሦስት ዩኒት ይፈጃል። በረካ ላይ ስንደርስ ቅድመ ፈቃድ ያስፈልገናል።

አምስተኛው ወር ላይ ስልክ ተደወለ። ከኢንሹራንሱ ድርጅት ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ እሱም የእኔን ስም በትክክል ጠርቶት አያውቅም። አስተርጓሚ በመስመር ላይ አስገቡልኝ። በነጻ ነው፤ መብትም ነው። እኔ ደግሞ ክብር ሲሰጠኝ አልጠላም፤ በአማርኛ እንነጋገር አልኩ።

ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ «ቢሄቪየር አለው?» ብላ ጠየቀች። በዚያ ሙያ «ቢሄቪየር አለው» ማለት ይነክሳል፣ ራሱን ይመታል፣ ሮጦ መንገድ ይገባል ማለት ነው። አስተርጓሚው ይህን ከየት ይወቀው? እንዲህ አለኝ፦

«ልጅዎ ጸባይ አለው ወይ?»

የትኛው ሐበሻ አባት ነው ለዚህ ጥያቄ የለውም ብሎ የሚመልስ? «እንዴታ! የተመሰገነ ልጅ ነው!» አልኩ። አስተርጓሚው «ምንም ችግር የለበትም» ብሎ አሻገረልኝ።

«ሲከለከል ምን ያደርጋል?»

ባለፈው ሳምንት ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር አጋጭቶ ግንባሩ አብጧል። ግን ይህን ለማላውቀው ሰው፣ የማላውቀው አስተርጓሚ እየሰማ? አስተርጓሚው እኮ የጎረቤቴ የአጎት ልጅ ሊሆን ይችላል። «ትንሽ ያኮርፋል» አልኩ። ሚስቴ ከወጥ ቤት ማማሰያዋን እንደያዘች ወጥታ ታየኝ ጀመር።

«አመሰግናለሁ፣ በጣም ረድተውኛል» አለችኝ ሴትዮዋ። ማንን እንደረዳሁ የገባኝ ደብዳቤው ሲመጣ ነው።

ደብዳቤው ስምንት ገጽ ነው። ሰባቱ ገጽ በእንግሊዝኛ «አይሆንም» ይላል፤ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከአስራ ምናምን ቋንቋዎች መሐል፣ በአማርኛ «እንረዳዎታለን» የምትል መስመር አለች። ክልከላውን በባዕድ ቋንቋ፣ ማጽናኛውን በእናት ቋንቋ! ከ100 ዩኒት 40 ቀረልን። ምክንያት፦ ልጁ መሻሻል ስላሳየ።

በሐበሻ ደንብ ደብዳቤውን ፍሪጅ ላይ አስቀመጥኩት። እዚያ ላይ የስልክ ሒሳብ አለ፣ ያለፈው ዓመት ፋሲካ የመዋጮ ደረሰኝ አለ፣ ማንም ያልከፈተው ፖስታ አለ። ሚስቴ አወረደችው።

«መቼ ነው የመጣው?»

«ስድስት ቀን ቢሆነው ነው።»

«አራት ቀን ቀርቶናል ማለት ነው» አለች። እኔ ያላነበብኩትን እሷ አንብባዋለች፤ ለኢንሹራንሱ ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለ፣ የተጀመረው አገልግሎት እስኪወሰን ሳይቀነስ እንዲቀጥል ለመጠየቅ ግን 10 ቀን ብቻ ነው፣ ያውም የመጀመሪያው ፈቃድ ጊዜው ሳያልፍ። ከተሸነፍን ደግሞ የቀጠለበትን ክፈሉ ልንባል እንችላለን። «እንከፍላለን» አለች። በምን እንደምንከፍል አልጠየቅኳትም፤ ማማሰያው ገና እጇ ላይ ነበር።

ይግባኝ ስጽፍ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ይግባኝ ማለት ማኅተም የተመታበት ተረብ መሆኑን ነው። ሰፈር ውስጥ ተረብ ስንማር የተናደደ ተሸነፈ ነበር የሚባለው፤ እዚህም ቁጣህን የሚያነብልህ የለም። የሰፈር ተረበኛ የባላጋራውን ቃል ነጥቆ ነው የሚመልሰው፤ እኔም «መሻሻል» ያሉትን ቃል ነጠቅኳቸው። የተሻሻለው በ100 ዩኒት ነው። ጣሪያው ስላላፈሰሰ ዝናቡ ቆሟል ተብሎ ቆርቆሮ ይነቀላል? የሕፃናት ሐኪሟ ደብዳቤ ጻፈች፣ የቴራፒው ሰዎች በየቀኑ የሚመዘግቡትን ቁጥር አያያዙ። ሚስቴ ያበጠውን ግንባር ፎቶ ጨመረች። እኔ ፎቶው እንዳይላክ ለምኜ ነበር። «ገበናችን ነው» አልኳት። «ገበናው ግንባሩ ላይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድስ ሰው ሁሉ አላየው?» አለችኝ። በዚህ ቤት ተረበኛው እኔ ነኝ ተብሎ ይታመናል።

88 ዩኒት መለሱልን። አሥራ ሁለቷን ለምን እንዳስቀሩ እንጃ፤ ምናልባት ባዶ እጅ መመለስ ነውር ሆኖባቸው ይሆናል። ባይመልሱ ኖሮ 120 ቀን ውስጥ ወደ ክፍለ ሀገሩ ችሎት የሚወስድ መንገድ ነበረን፤ ሚስቴ ቅጹን ቀድማ አውርዳዋለች።

ዌይቨር የሚባል የሜዲኬይድ ልዩ ፈቃድም አለ። የቨርጂኒያው የአካል ጉዳተኞችና የአረጋውያን ዌይቨር የሚያየው የወላጅን ሳይሆን የልጁን ገቢ ነው። የልጄ ገቢ ተብዬ ስጠየቅ፣ አክስቱ ለልደቱ የሰጠችውን ሃያ ዶላር ልናገር ወይስ ልደብቅ ብዬ ተጨነቅኩ። ለእድገት እክል የሚሰጠው ሌላኛው ዌይቨር ደግሞ ሦስት የቅድሚያ ደረጃዎች አሉት። እኛ ሦስተኛ ቅድሚያ ደረሰን። በአማርኛ ኋላ ይባላል።

ሰሞኑን ጋሼ ጋዜጣ ይዘው ጠበቁኝ። «ይኸው! የአንተ ቴራፒ የሚባለው ሌብነት ሆኗል!» የሚያወሩት ስለ ኢንዲያና ነው። የፌዴራሉ ጤና መሥሪያ ቤት ዋና ተቆጣጣሪ በ2024 መጨረሻ ባወጣው ምርመራ፣ ኢንዲያና በ2019 እና በ2020 ለዚሁ ቴራፒ ቢያንስ 56 ሚሊዮን ዶላር አላግባብ ከፍላለች፤ የጎደለ ማስረጃ፣ ያልተሟላ መዝገብ፣ ብቃቱ ያልተረጋገጠ ሠራተኛ።

«እውነት ነው ጋሼ» አልኩ። «የልጄም ሰዓት እየተቀነሰ ነው ያለው እኮ።»

«ልጅህ ምን ሰርቆ?»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲሉ አልሰሙም? ዳውላው እሱ ነው።»

ጋሼ ጋዜጣውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ያን ቀን ቡናዬን እሳቸው ከፈሉ፤ ከሜዲኬር ይሁን ከኪሳቸው አልጠየቅኩም።

እኔም በቴራፒው ላይ ተረብ አለኝ። በዚህ ዘዴ ያደጉ ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች «እሺ ማለትን ነው ያስተማሩን» እያሉ ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ዝም ብዬ የማልፈው ነገር አይደለም። የቴራፒውን ዕቅድ ስንፈራረም የቴራፒስቶቹን ተቆጣጣሪ «እሺ የሚለውን እኛም እናስተምረዋለን፤ ሐበሻ ነን። እናንተ አለመፈለጉን መናገር አስተምሩልን» አልኳት። ግንባሩን ከግድግዳ የሚያጋጨው አልፈልግም የሚልበት ሌላ መንገድ ስለሌለው ነው። ተስማማች፤ ግብ ብላ ጻፈችው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችን፦ ግራ እንዳይጋባ በእንግሊዝኛ ብቻ ብናናግረውስ?

«እኔን ሦስት ቋንቋ ነው ግራ ያጋባኝ፤ ዝም ስል አይተሽኛል?» አልኳት። ሚስቴ ደግሞ ቁም ነገሩን ነገረቻት፤ በጥናት እንደታየው ሁለት ቋንቋ መስማት እንዲህ ያሉ ልጆችን አይጎዳም፣ እናቱም በእንግሊዝኛ ማባበል አታውቅበትም።

ባለፈው ማክሰኞ ከሌሊት ሥራ ገብቼ ሶፋ ላይ ተኝቻለሁ። ከሳሎኑ ማዶ ወጣቷ ቴራፒስት ልጄን መኪናውን እንዲሰጣት ትጠይቀዋለች። እጇን ዘረጋች። ትንፋሼን ይዤ ግድግዳውን አየሁ። ልጄ መኪናዋን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘና፣ አንድ ቃል አወጣ፦

«እምቢ።»

ሚስቴ ከወጥ ቤት ሮጠች። ልጁ፣ ሁላችንም ስንደነግጥ ያየን መሰለኝ፣ ደገመው። «እምቢ!»

ቴራፒስቷ ታብሌቷን አንስታ ትመዘግብ ጀመር፤ ለሚቀጥለው ፈቃድ ቁጥር ያስፈልጋልና። ግን ጣቷ ቆመ።

«እምቢ ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«ይግባኝ ማለት ነው» አልኳት። «ሁለት ጊዜ ብሏል፤ ሁለቱንም ጻፊ።»