አብሽር፣ ሊያልቅ ነው!

መርሳ ውስጥ ግቢው ማንጎ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ማንጎውን ለቅሞ ገበያ ያወጣል፤ ሠርቶ አዳሪ ስለሆነ ስለ እሱ የሚጻፍ ነገር የለም። ሌላው ከማንጎው ሥር ላንድሮቨር ያቆማል። የሀገር ኩራት ይህኛው ነው። ጎማው በድንጋይ ተተክቶ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዶ፣ የበሰለ ማንጎ ኮፈኑ ላይ እየፈረጠ፣ መኪናው «ሊያልቅ ነው» እየተባለ ዓመት ይቆጥራል። እኔ በበኩሌ በእነዚህ ሰዎች ላይ የሚስቅ አፍ ይቆለፍ ባይ ነኝ። አንድ ሰው ጥሪቱን በሙሉ ለዝገት ሲያወርስ ዝም ብሎ ማየት የጎረቤት ደንብ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በጨረታ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ግቢው ውስጥ ሣር የበቀለበትን መኪና ባለበት ሁኔታ ሊሸጥ ማስታወቂያ ያወጣል። ያለበትን ሁኔታ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዘበኛው በክረምት ሲያድርበት የነበረ መኪና ነው። የእኛ ሰው ግን ዋጋውን በፖስታ አሽጎ ይወዳደራል፤ ብቻውን ተወዳድሮም ያሸንፋል። መኪናው በአይሱዙ ተጭኖ መጥቶ በጎረምሶች ሆታ ግቢ ሲወርድ ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይበተናል። ሚስቱ «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚላትን ጎረቤት ሁሉ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ታመሰግናለች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ነጠላው አያሳይም።

በማግስቱ ምርመራ ነው። ምርመራው የሚካሄደው ከሰዓት በኋላ፣ ጫት ተቀንጥቦ፣ ጀርባን ለመኪናው ሰጥቶ ነው። ከጉባኤው መሀል «ጋራዥ ሠርቻለሁ» የሚለው ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የፈታውን ማግኔት ከኪሱ ያወጣል። ዘዴው እንኳ ደንበኛ ነው፤ ብረት ላይ ስቱኮ በወፍራሙ ከተለሰነ ማግኔት አይዝም። በሩ ላይ ለጠፈው፤ ወደቀ። ፓራፋንጎው ላይ ለጠፈው፤ ወደቀ። ኮፈኑ ላይ፤ አሁንም ወደቀ። ሰውየው ፊቱ ጠቆረ። «ወላሂ ይሄ መኪና ሙሉ በሙሉ ስቱኮ ነው!» አለ። ጉባኤው በድንጋጤ ቅጠሉን ወደ ሌላው ጉንጩ አዞረ።

ለማያውቅ ልንገር። ላንድሮቨር በ1948 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ እንግሊዝ ከጦርነት ገና መውጣቷ ነበር። ብረት በራሽን ነበር የሚገኘው፤ አሉሚኒየም ግን ከአውሮፕላን ሥራ የተረፈ ሞልቶ ነበር። ስለዚህ በሩም ኮፈኑም ፓራፋንጎውም አሉሚኒየም ሆነ። አሉሚኒየም ማግኔት አይይዘውም፤ እንደ ብረትም ዝጎ አይረግፍም። የሚዝገው ከሥር ያለው ሻንሲ ነው። ሻንሲው ውስጡ ባዶ ብረት ስለሆነ ጭቃና ውሃ በየቀዳዳው ገብቶ እዚያው ይተኛና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ላዩ ደህና ይመስላል፤ በመዶሻ ሲቆረቁሩት ይበሳል። ከሞተሩ ኋላ ያለው ግድግዳም ብረት ነው፤ ከእግር መርገጫው ጀምሮ ያልቃል። አሉሚኒየሙ ጉዳት የሚደርስበት በአብዛኛው ከብረቱ ጋር በተጋጠመበት ቦታ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ነጭ ዱቄት ይሆናል።

ታዲያ የእኛ ሰው የቱን ያድሳል? የማይዝገውን ነዋ! በሩ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ጎድጎድ ያለው በስቱኮ ተሞልቶ፣ ቀለም በላይ በላዩ ይጠጣል። ሻንሲው ያለው ከሥር ነው፤ ከሥር ማን ያያል? የተቃጠለ ዘይት በብሩሽ ቀባ ቀባ ይደረግለትና «አብሽር አያ፣ ይሄ የእንግሊዝ ብረት ነው፤ እኛን ቀብሮ ነው የሚሄደው» ይባላል። የመቅበሩ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ የድልብን ዳገት በዚያ ሻንሲ የወጣ ሰው ሲገኝ እንጠይቀዋለን።

በማፍረስ በኩል ግን ሙያችንን ማንም አይነካውም። ሞተሩ ይወርዳል፣ ካምቢዮው ይወርዳል፣ ባሌስትራው ይፈታል። ቡሎንና ዳዶው በኒዶ ጣሳ ይጠራቀማል፤ የቱ የየት እንደሆነ ምልክት የሚያደርግ የለም፣ «በአእምሮዬ ይዤዋለሁ» ነው መልሱ። ልጆች ዳዶውን ለገበጣ ጠጠር ይወስዱታል። ቤንዚን ሞተሩ ከነገረኝነቱ አልመለስ ሲል «የዶልፊን ሚኒባስ ሞተር እንግጠምበት» ይባላል። መያዣው ተበይዶ፣ ያልገባው ተቆርጦ፣ የተቆረጠው ተቀጥሎ ይገጠማል። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ሌላ፣ ኮፈኑ ሥር ያለው ሌላ ይሆናል፤ እሱ የነገ ጣጣ ነው። የጠፋው ዕቃ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። 500 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተሂዶ፣ ነጋዴው አሮጌ ካምቢዮ በናፍጣ አጥቦ «ኦርጂናል ነው» ብሎ ያስረክባል። አልዋሸም። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው ከዛፍ ሥር ተስፋ ቆርጦ የፈታው ኦርጂናል ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ይህን መጠየቅ ብልግና ቢሆንም መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ከዚህ አካባቢ ስንት ወጣት ነው በጅቡቲ ዞሮ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የየመንን በረሃ በእግሩ አቋርጦ ሳዑዲ የገባው። እዚያ የሰው ግመል እየጠበቀ፣ የሰው ቤት እያጠበ የሚልከው ብር አለ። የሚልከው ለቤት ነው፤ ግድግዳ እንዲቆም፣ ቆርቆሮ እንዲለብስ። ከዚያ በስልክ ይጠይቃል።

«አባዬ፣ ቤቱ የት ደረሰ?»

«አብሽር ልጄ፣ ራዲያተሩ ገብቷል።»

ልጁ ዝም ይላል። አባት መስመሩ የተቆረጠ ይመስለውና «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ባትሪውን አደራ!» ብሎ ይዘጋል።

ለምን ላንድሮቨር? በዚያ ገንዘብ ባጃጅ ተገዝቶ ልጅ ይቀጠርበት ነበር፤ ወፍጮ ይተከል ነበር፤ ሁለት ጥጃ ይደለብ ነበር። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የወሎን መንገድ አያውቅም። በእኛ አገር እንዲህ ዓይነት መኪና ለሽርሽር መጥቶ አያውቅም። በቆቦና በጨርጨር ሜዳ የወባ ማጥፋት ሙከራ ሲደረግ፣ ቀጥሎም የወባ ማጥፊያ ድርጅት በ1959 (እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም፣ ዲዲቲ ረጪው የወረደው ከእሱ ነው። በ1966ቱም በ1977ቱም ረሃብ ስም መዝጋቢው ከእሱ ወረደ። የደርግ ካድሬ በዋዝ መጣ። ከዚያ አንቴናው ዛፍ የሚነካ፣ በሩ ላይ ዓርማ የተለጠፈበት ነጭ ላንድክሩዘር ተተካ። ገበሬው በዚህ ሁሉ ዘመን መንገድ ዳር ነው፤ አፍንጫውን በጋቢው ይዞ አቧራው እስኪያልፍ ይቆማል። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው አይወርድም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «የሊቀመንበሩ ቤት በየት ነው?» ይላል፤ ገበሬው መልሱን ሳይጨርስ መስኮቱ ይዘጋል።

የዚያ ገበሬ ልጅ አድጎ ገንዘብ ሲይዝ የሚመኘው ያንን መስኮት ዝቅ ማድረግ ነው። አመሻሽ ላይ ብታዩት ታምኑኛላችሁ። ሞተሩ መሬት ተዘርግቶ፣ ጎማው ድንጋይ ሆኖ፣ እሱ መሪውን ይዞ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። በአጥሩ በኩል ሰው ሲያልፍ ከረጢቱን ገለጥ አድርጎ «ወዴት ነው?» ይላል። ምኞቱስ ይገባኛል። የማይገባኝ የሹመቱን ሒሳብ ሁልጊዜ ያልተሾመ ሰው መክፈሉ ነው፦ ልጁ፣ ሚስቱ፣ የሚያፈስ ጣራው።

ተከራካሪ ሲመጣ የፈረንጅ ቪዲዮ ከስልክ ይወጣል። «እይ እስቲ፣ ነጩ ሰውዬ ብቻውን በጓሮው አድሶ አይደል!» እውነት ነው፣ ፈረንጅ ያድሳል። ኩባንያው ራሱ ሶሊሃል ካለው ፋብሪካ የመጨረሻዋን ዲፌንደር ጃንዋሪ 29 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) ካስወጣ በኋላ፣ በዚያው ዓመት የጥንቶቹን እያፈላለገና እንደ አዲስ እያደሰ መሸጥ ጀምሯል። ቪዲዮው የማያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈረንጁ ዕቃ ሊገዛ የሚሄደው በሌላ መኪናው ነው። የእኛው በባጃጅ ነው፣ እሱም በዱቤ።

ወልዲያ ወደ ጋሸና መውጫው ላይ ዘይት ጠጥተው የሚውሉትን መካኒኮች ግን ከዚህ ጨዋታ አውጡልኝ። እነሱ አሮጌ መኪና የሚያኖሩት ሰውና እህል እንዲጭን ነው፤ ጠዋት የገባው ማታ ካልወጣ ባለቤቱ አንገታቸውን ያንቃል። አሮጌ መኪና የማኖር ግዴታም አለብን። የ2012ቱ ኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን በቁሙ ገደለው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ተከለከለ፣ ከእንግዲህ በኤሌክትሪክ ነው ተባለ። ይህ ለማንጎ ሥር ጉባኤ ትልቅ ድል ሆነ። «አላልኳችሁም? አሁን ይሄ መኪና ወርቅ ነው!» አለ ባለቤቱ። ከጉባኤው አንዱ ሞተሩ ወጥቶ ባትሪ እንዲገጠምበት ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ሊጸድቅ ሲል መብራት ጠፋ።

ባለቤቱ የሰሜኑን ጦርነት ወራት ሲያነሳማ ማን ይችለዋል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ወይ ሸሽቶ ወይ ተወስዶ ሲያልቅ፣ ላንድሮቨሩ ከማንጎው ሥር ንቅንቅ አላለም። ባለቤቱ ይህን «አርቆ ማሰብ» ይለዋል። እውነትም፣ የማይሄድ መኪና ማን ይወስዳል?

ጎረቤቱ ደግሞ በቅናት ዋዝ ገዛ። ዋዝ ለዘመናችን የተፈጠረ መኪና ነው፤ አንድ ሳይሆን ሁለት ሳልባታዮ አለው፣ እያንዳንዱ 39 ሊትር የሚይዝ። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ በሚሸጥበት መንደር ሁለት ሳልባታዮ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ባዶ ነው።

ላንድሮቨሩስ? እሱ አንድ ቀን አለቀ። በእርግጥ ፍሬቻ የለውም፣ ባትሪውም አይዝም፣ ግን ቁልቁል ከለቀቁት ይነሳል። በዚህ ምክንያት ባለቤቱ ዘመድ የሚጠይቀው በመልክዓ ምድር ሆነ። ዳገት ላይ የሚኖር ዘመድ ተወደደ፤ ከደጁ ቆሞ ሲመለስ በቁልቁለቱ ይነሳለታል። ወልዲያ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ቆቦ ሜዳ ላይ ያሉት ዘመዶቹ ግን ሁለት ለቅሶ ጠብቀውት አልመጣም፤ ሦስተኛውን በዶልፊን ሄደ።

ወደ ወልዲያ ለሹመት እንደሚሄድ ሰው መነጽር አድርጎ የወጣ ዕለት ሲሪንቃ ላይ መኪናው ተንተፋተፈና መንገድ ዳር ቆመ። ቅርጫት ሙሉ እንቁላል የያዙ አንዲት እናት ድምፁን ሰምተው ነበርና ሮጠው መጡ። ድምፁ የዶልፊን ነዋ።

«ወልዲያ ስንት ነው?» አሉ።

ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠብቆታል! መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ ይሄ የግል መኪና ነው» አለ።

«ታዲያ ምን ብለህ ቆምክ?»

«እኔ አላቆምኩትም፣ እሱ ነው የቆመው።»

ሴትየዋ መኪናውን ከፊት ወደ ኋላ ቃኙት። ከዚያ እንቁላላቸውን ጋቢና ውስጥ ከአጠገቡ አስቀምጠው፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ከኋላ ይገፉ ጀመር። ወልዲያ መናኸሪያ ሲወርዱ አልከፈሉም፤ እንዲያውም የገፉበትን ጠየቁ።