የእሁዱ ብስክሌተኛ፦ ከናይሮቢ መሃል ከተማ የተጠናቀረ ምልከታ

የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ከመሃል ከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚጀምር አንበሳውም፣ ቀጭኔውም፣ አውራሪሱም ሲበዛ ተጠንቷል። በአንጻሩ እሁድ ማለዳ ከኬንያታ አቬኑ ተነስቶ ወደ ገጠር የሚያቀናው፣ ጥብቅ ቁምጣ የለበሰውና ቀዳዳ የበዛበት ቆብ የደፋው ፍጡር አጥኚ አጥቶ ኖሯል። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል። የጥናቱ ዘዴ ምልከታ ነው፤ ይኸውም ቆሞ ማየት። አልፎ አልፎ አጥኚው ራሱ ኮርቻ ላይ ወጥቶ የተጠኚዎቹን ጀርባ ከሩቅ ተከትሏል። ከቅርብ መከተል አልተቻለም።

ቀጠሮው ለ12 ሰዓት ነው። ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ ሐበሻውና ኬንያዊው በዚህ ረገድ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ፤ ያለ አስተርጓሚም አብረው ያረፍዳሉ። ከ12 እስከ 1 ሰዓት ያለው ጊዜ “ዝግጅት” ይባላል። አንዱ ፖምፓ ይዞ ያልጎደለ ጎማ ይነፋል። ሌላው የሰው ጎማ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርግና አንዳች ነገር እንዳወቀ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ሦስተኛው ካቴናው ላይ ዘይት ካንጠባጠበ በኋላ ጣቶቹን ዘርግቶ ይቆማል። ቁምጣው ኪስ የለውም፣ መሐረብም አልያዘም። ግራ ቀኙን አይቶ፣ ሰው አለማየቱን አረጋግጦ፣ እጁን የኬንያታ አቬኑ ዛፍ ላይ ይጠርጋል። ተፈጥሮን ለማድነቅ የሚደረገው ጉዞ የሚጀመረው እንዲህ ነው።

በናሙናው ውስጥ ሐበሻ ካለ መንገዱ የግድ በኃይለ ሥላሴ አቬኑ ይዞራል። ይህ ጎዳና ለየትኛውም የገጠር መውጫ አቋራጭ አይደለም፤ ግን በጃንሆይ ስም ምልክት ሥር ፎቶ ሳይነሱ ማለፍ አይሆንም። ችግሩ ከፎቶው በኋላ ነው። ኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ ስለሆነ የአዲስ አበባ ልጅ አደባባይ ሲደርስ ማኑብሪዮው ወደ ግራ፣ ልቡ ወደ ቀኝ ይላል። ባሕር ዳር ያደገው ግን ትምህርት ቤት በብስክሌት ሲመላለስ የኖረ ነውና ግራም ቀኝም አያስጨንቀው፤ መንገዱ ሁሉ የእሱ ነው። ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ ታክሲ ሾፌርም መንገዱን በተመለከተ ተመሳሳይ አቋም ስላለው ሁለቱ ሲገናኙ ማየት ትምህርት ሰጪ ነው።

ጀማሪዎች ሩቅ አይሄዱም። 1,041 ሄክታር የሚሰፋው የካሩራ ጫካ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው፣ በሩ ላይም ብስክሌት ይከራያል። ጫካው ለሕንፃ እንዳይሸነሸን የአካባቢ ተቆርቋሪዋ ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1999 ችግኝ ሊተክሉ ሄደው ተደብድበው ራሳቸው ተፈንክቷል። ዛሬ በዚያ ጥላ ሥር የሚሰማው ትልቁ እሮሮ የኪራዩ ብስክሌት ኮርቻ ድንጋይ መሆኑ ነው።

ደፋሮቹ በዋያኪ ዌይ በኩል ወደ ኪኩዩና ወደ ሊሙሩ ሻይ ማሳ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው የ27 ኪሎ ሜትር የክፍያ መንገድ ለብስክሌት ክልክል ስለሆነ፣ ከመሃል ከተማው እስኪወጡ ድረስ በላያቸው ከተዘረጋው ከዚህ ሁሉ ኮንክሪት ለእነሱ የደረሳቸው ጥላው ነው። ናይሮቢ ራሷ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትቀመጥም ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሽቅብ ነው። ቱር ደ ፍራንስን 4 ጊዜ ያሸነፈው ክሪስ ፍሩም ናይሮቢ ተወልዶ፣ ኪኩዩ አካባቢ ከኬንያዊው ብስክሌተኛ ከዴቪድ ኪንጃ ጋር ሲለማመድ ያደገ በመሆኑ፣ እዚህ የሚያለከልክ ሁሉ ፍሩምን የሠራው ዳገቱ ነው ብሎ ያምናል። ሐበሻውም አያንስም፤ ፍሩም ባሸነፈበት እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ያንኑ ውድድር መሳተፉን ያነሳል። ክርክሩ ሞቅ እንዳለ አንድ ሰው ሁለቱንም ቀድሟቸው ያልፋል።

ስለዚህ ሰው ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። የሚነዳው “ብላክ ማምባ” የሚባለውን ማርሽ የሌለው ጥቁር ብረት ነው። ከኋላው አንድ ጆንያ ጎመን ታስሯል። እግሩ ላይ ያለው ሸበጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቡሲያ ድንበር ላይ በኬንያና በኡጋንዳ ኬላዎች መካከል መንገደኛ በብስክሌት እየጫነ የቦዳ ቦዳን ሥራ የጀመረው የዚህ ሰው ዘር ነው፤ ሞተር ሳይክሉ የመጣው ኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት መሃል ከተማውን አቋርጦ ወደ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ በብስክሌት የሚጎርፈውም እሱ ነው። ይሁንና ናይሮቢ ውስጥ “ብስክሌተኛ” የሚል ማዕረግ አልተሰጠውም። ማዕረጉ የሚሰጠው ቤቱ መኪና ላቆመ ሰው መሆኑን ምልከታው አረጋግጧል። መኪና ኖሮት ፔዳል የሚመታ ጤናውን የሚጠብቅ ይባላል፤ ሳይኖረው የሚመታ የማታቱ ሒሳብ ያጣ ነው። የእሁዱ ሰው ኪሎ ሜትሩን ስትራቫ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ ለጥፎ “ጎበዝ!” ሲባል ይውላል፤ የጎመኑ ሰው ስልኩ ይህን ስለማይችል ዳገቱን መውጣቱ በየትም አልተመዘገበም። በጎመን መቀደማቸውን በተመለከተ የእሁዶቹን ማብራሪያ አጥኚው ጠይቆ የተቀበለው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ “እሱማ ለምዶታል።”

ምግብን በተመለከተ ማስረጃው የተትረፈረፈ ነው። አንድ ሰዓት ለተነዳ ሁለት ሰዓት ይበላል። ማንዳዚ የሚባለው በዘይት የተጠበሰ ሊጥና ወተት ውስጥ የፈላ ሻይ መነሻ ናቸው፤ ኛማ ቾማው፣ ማለትም የሥጋ ጥብሱ፣ ይከተላል። በሁዳዴ ሐበሻው ወተት የሌለበት ሻይ ያዝዛል፤ አስተናጋጇም የታመመ መስሏት ከልቧ ታዝንለታለች።

የጉዞው ዳርቻ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ነው። ኬንያዊው ሎንጎኖት ተራራን ያሳያል፤ ሐበሻው በበኩሉ ሸለቆው በዚያው ወደ ሰሜን ቀጥሎ ዝዋይና ላንጋኖ እንደሚደርስ ያስረዳል፤ አነጋገሩ የቤተሰብ ርስት እንደሚያስጎበኝ ሰው ነው። ቁልቁለቱ ላይ፣ ማይ ማሂዩ የምትባለው ከተማ ከመድረሱ በፊት፣ መንገዱን የሠሩ የጣሊያን ምርኮኞች እ.ኤ.አ. በ1942 ያነጿት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ሐበሻው በሯ ላይ ብስክሌቱን አስደግፎ ያማትብና ግንቡን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። “እኛ ጋ መንገድ ሊሠሩ መጥተው እዚህ ጨረሱት” ይላል። ኬንያዊው ጓደኛው ይህን ሁልጊዜ ይሰማል፣ ሁልጊዜም ይስቃል።

ወደ አፋፉ ተመልሶ የሚወጣው ዳገት ላይ ግን ጥናቱ ተጠኚ አጥቷል። የእሁዱ ብስክሌተኛ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይመለስም፤ ማይ ማሂዩ ላይ ማታቱ ያስቆማል። ብስክሌቱ ጣሪያ ላይ ይታሰራል፣ ጭቅጭቁም ይጀመራል። ብስክሌተኛው ብስክሌት ዕቃ ነው ብሎ ይሟገታል። ረዳቱ የታሰረውን ብስክሌት ቀና ብሎ ያያል፤ ቀጥሎ ጥብቋን ቁምጣ፣ ከዚያም ሰዓት የሚመስለውን ውድ መሣሪያ። የሁለት ሰው ይጠይቃል፣ ይከፈለዋልም።