የሥራ ሞራል በኪሎ ሜትር ሲለካ

የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ39 ሰዓት አይበልጥም። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት በኋላ ከ7፡30 እስከ 11፡30። ዓርብ የምሳ ሰዓቱ ስለሚሰፋ አንድ ሰዓት ይቀነሳል። የዚህ ጥናት ዓላማ በእነዚህ 39 ሰዓታት ውስጥ የሠራተኛው ልብ የት እንደሚውል ማወቅ ነው። የአካሉ ጉዳይ፣ ኮቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ስለሚውል፣ እንደተመለሰ ተቆጥሯል።

ቀደምት ጥናቶችን መዳሰስ ደንብ ነውና እንዳስሳለን። እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ቺካጎ አጠገብ ባለው የሃውቶርን ፋብሪካ ተመራማሪዎች የመብራቱን ድምቀት ጨመሩ፤ ምርት ጨመረ። ቀነሱት፤ አሁንም ጨመረ። ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ይበረታል ተብሎ ተደመደመ። ይኸው ሙከራ በእኛ ቢሮዎች ያለ አንዳች የምርምር በጀት በየጊዜው ይደገማል። መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል። መብራት ሲመጣ ሲስተም የለም። ሲስተም ሲመጣ ምሳ ሰዓት ደርሷል። የእኛ ግኝት ከአሜሪካው የሚለየው በሁለቱም አቅጣጫ መቀነሱ ላይ ብቻ ነው።

ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ደመወዝ ሲያንስ ሰውን ያስከፋል እንጂ ሲበቃ አያተጋውም የሚል ሐሳብ አቅርቧል። የመጀመሪያውን ግማሽ በራሳችን ላይ አረጋግጠናል። ሁለተኛውን ለማረጋገጥ የሚበቃው ሰው አላገኘንም። ያም ሆኖ ሊቁ አበልን አላየም።

አበል ደመወዝ አይደለም። ደመወዝ ገና ሳይወጣ አከራይ፣ ዕቁብ፣ የልጆች ትምህርት ቤትና የሰፈር ሱቅ ተከፋፍለውታል፤ ባለቤቱ የሚያየው ለፊርማ ያህል ነው። ደመወዝን ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል፤ አበልን የሚያውቀው ኪስ ብቻ ነው። ስለዚህም ከቢሮ ውጭ ማደር የሚባለው ነገር በሠራተኛው ላይ የሚያሳድረው ለውጥ ሐኪም ሊመለከተው የሚገባ ነው። የጀርባ ሕመም ይለቃል። ለባለጉዳይ ሳምንታት የሚፈጀው ፊርማ፣ የመስክ ጉዞ ሲሆን ከሻይ ሰዓት በፊት ያልቃል። "ፋይሉ ጠፍቷል" ሲል የከረመው ባልደረባ የጉዞውን ዕቅድ፣ ከነበጀቱና ከነመርሐ ግብሩ፣ በአንድ ሌሊት ያዘጋጃል። (የሚስቅ ይሳቅ፤ ከቤት ኪራይ በኋላ የሚተርፈውን የቆጠረ ግን አይስቅም።)

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን ሕግ እናቀርባለን፦ የሠራተኛ ትጋት ከቢሮው ባለው ርቀት ልክ ይጨምራል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ "ደርሶ መልስ ነው" የሚባል ስጋት አለበት፤ ትጋቱም መካከለኛ ነው። አዳማ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ እዚያ ማደር ይጀመራል፤ ሞራልም አብሮ ያድራል። ሐዋሳ ላይ ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ጥያቄ ይጠይቃል። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አርባ ምንጭ ሲደርስ ማስታወሻ ሲይዝ የታየ አለ። ይሁንና ሁለት ጓዶች አንድ አልጋ ተጋርተው፣ እራታቸውን በዳቦና በሙዝ ተወጥተው ያተረፉትን ሲያሰሉ የሚያሳዩት የሒሳብ ችሎታ በየወሩ ሪፖርት ላይ ለምን እንደማይታይ ገና አልተብራራም።

የለውጥ መሣሪያዎችን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። ቢፒአር መጣ፤ ቢኤስሲ መጣ፤ አንድ ለአምስት ተደራጀን። ለካይዘን በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ሲቋቋምለት አምስቱ "ማ"ዎች በየግድግዳው ተለጠፉ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ወረቀቱ አራተኛው ላይ ተቀዷል።

ከሁሉም የሚያስደንቀው የተነሳሽነት ሥልጠና ነው። ሞራል ቢሮ ውስጥ ስለማይገኝ ፍለጋው ሆቴል ውስጥ ይካሄዳል። አሠልጣኙ ሁሉም ተነሥተው እንዲያጨበጭቡ ያዝዛል፤ ይጨበጨባል። በቡድን ተከፋፍለው ፍሊፕ ቻርት ላይ ችግሮቻቸውን ይጽፋሉ፤ አንደኛው ሁልጊዜ "የግንዛቤ እጥረት" ነው። የማን እንደሆነ አይጻፍም። ከዚያ ኩኪስ፣ ቡና፣ የጋራ ፎቶ፣ የመፈረሚያው ወረቀት። ወረቀቱ ከዞረ በኋላ ያለው የስብሰባ ክፍል ሰፊ ነው።

አንድ ያልጠበቅነው ናሙና ግን ሕጋችንን አናግቶብናል። የበሩ ጥበቃ ናቸው። አበል የላቸውም፤ ለሥልጠና ተጠርተው አያውቁም፤ ደመወዛቸው ከግቢው ሁሉ የመጨረሻው ነው። ሆኖም ከማለዳ ጀምረው ቆመው ይፈትሻሉ፤ ገቢውን ሁሉ "ወዴት ነው?" ይላሉ፤ የገባውን ላፕቶፕ ቁጥር ይመዘግባሉ፤ ሲወጣ ደግሞ ያመሳክራሉ። ከቢሮው በዜሮ ሜትር ርቀት ላይ እንዲህ ያለ ትጋት መኖር አልነበረበትም። ምስጢሩን እንዲነግሩን ቃለ መጠይቅ ብንጠይቃቸው "መጀመሪያ የትብብር ደብዳቤ አምጡ" አሉን።

ደብዳቤው ተጽፏል፤ ወጪ ቁጥርም ተሰጥቶታል። የሚፈርሙት ኃላፊ ግን ለተነሳሽነት ሥልጠና ሐዋሳ ናቸው፤ ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ቁልፍም አብሯቸው ሄዷል።