ያልተጀመረ አይሰረዝም

ውጭ አገር አሠሪው በስህተት የጤና መድኑን የሰረዘበት ሰው ወሬ ሐረር ፈረስ መጋላ ሲደርስ፣ እኛ የጀጎል ደመወዝተኞች ከልባችን አዘንን። እዚህ እንዲህ ያለ ጉድ የለም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ ደንቡም ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ብሎ ቆረጠ። ከዚያ ከ10 ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ ተኛ። ያልጀመረውን ማን ይሰርዘዋል?

የመኪና ግርግር ሰፈር ልብስ ሰፊ መደበኛ ደመወዝ ስለሌለው የማኅበረሰብ አቀፉን መድን መዋጮ ከፍሎ፣ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ይታከማል። ደመወዝተኛው ሊመዘገብ ቢሄድ «እርስዎማ ቋሚ ሠራተኛ ነዎት!» ይባላል። ማዕረግ ነው እንግዲህ።

አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አለን፤ ማንንም በስህተት አይሰርዝም። ግን የሚደርሰው ለሠርግና ለለቅሶ ነው፤ በመሃል ያለውን ሕመም እንደምንም መዝለል ነው።