መድን ያጡ ሰዓቶች

ቢቸና ያለው ወዳጄ ሰዓት ይሰበስባል። ሲኮው፣ ኦሪየንቱ፣ ካሲዮው ቁም ሣጥን ውስጥ በጋቢ ተጠቅልለው ይተኛሉ። ግማሾቹ ቆመዋል፤ የሚሄዱትም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ሰሞኑን ታዲያ «መድን ልግባላቸው» ብሎ ተነሣ።

ደግ አሰበ! መድን ግን ደረሰኝ፣ የመለያ ቁጥርና የባለሙያ ግምት ይጠይቃል። ሲኮውን ያመጣው በግ ሸጦ ከሞጣ ገበያ ነው፤ ደረሰኝ የሚባል ነገር በዚያ ቀን በጉም ሰዓቱም አላዩም። ባለሙያ ቢባል ያለው ባትሪ ቀያሪው ልጅ ነው፤ እሱም የሚገምተው ራሱ ሊገዛ ሲያስብ ብቻ ነው፣ ያውም በግማሽ ዋጋ።

የ1952ቱ የንግድ ሕግም ለስሜት ቦታ የለውም፦ ለዕቃ የሚከፈል ካሳ ዕቃው አደጋ በደረሰበት ዕለት ካለው ዋጋ አይበልጥም። «የአባቴ ማስታወሻ ነው» ብሎ ማልቀስ ሣንቲም አይጨምርም።

ዕድሩን ቢያማክር ደግሞ ዳኛው፣ «ልጄ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፤ ሰዓት ሲቆም ግን ንፍሮ አንቀቅልም» አሉት።

በመጨረሻ ለአረቦን ባሰበው ብር ሌላ ሰዓት ገዛ። ይህን ሁሉ ሰዓት ታቅፎ በየቀጠሮው ማርፈዱን የሚክስ መድን ግን አገሩ ገና አላበቀለም።